የማይለወጠውን ፍለጋ፦ የጡንቻ ጉልበት ታሪክ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ኤራሲስትራቶስ፣ ጡንቻ የሚያጥረው በነርቮች በኩል ረቂቅ መንፈስ ገብቶ ስለሚነፋው ነው ብሎ አስተማረ። ጡንቻው ሲነፋ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ሲሰፋ ርዝመቱ ይቀንሳል፤ ሲያጥር አጥንቱን ይስባል። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የተነሣው ጋሌን ነርቭ ሲቆረጥ እንስሳው ያንን የአካል ክፍል ማንቀሳቀስ እንደሚያቅተው በሙከራ አሳየ። ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚወርድ አንዳች ነገር መኖሩ በዚህ ስለተረጋገጠ የመንፈሱ ትምህርት ይበልጥ ጸና። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ዴካርት እንኳ ነርቭን እንደ ቱቦ፣ ጡንቻን እንደሚነፋ ከረጢት አድርጎ ነበር የሚያስረዳው። ይህን ሐሳብ መናቅ አይገባም። ክንዱን አጥፎ ጡንቻውን የዳሰሰ ሰው ሁሉ ሲያብጥ አግኝቶታል፤ ትምህርቱም ወደ ሁለት ሺህ ዓመት የቆየው ዓይን የሚያየውንና እጅ የሚነካውን ስለተናገረ ነው።

ሐሳቡን የጣለው ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም ነው፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው ናቸው) 1660ዎቹ ነበር። ስዋመርዳም የእንቁራሪት ጡንቻ ከነነርቩ ቆርጦ አወጣና አንድ ጫፉ እጅግ በቀጠነ የመስታወት ቱቦ ውስጥ አስገባው። በቀጭኑ ጫፍ አንዲት የውሃ ጠብታ አኖረ። ነርቩን በቀጭን የብር ሽቦ ይዞ ጎተት ሲያደርገው ጡንቻው ተኮማተረ። ከውጭ የገባ ነገር ነፍቶት ቢሆን ኖሮ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ተገፍቶ ጠብታዋን ከፍ ያደርጋት ነበር። ጠብታዋ ግን ከፍ አላለችም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ጥቂት ዝቅ አለች። የሚያብጠው ጡንቻ በውፍረት ያገኘውን ያህል በርዝመት ያጣል፤ የያዘው ቦታ በጠቅላላው ያው ነው። ስዋመርዳም በ1680 ሞተ፤ ሙከራው የታተመው በ1737 እና 1738 በወጣው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ማስረጃ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይታተም መቅረቱ ያስቆጫል።

ከዚህ ሙከራ እስከ ዘመናችን የተሠራውን ሳስተያይ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። የጡንቻን ምስጢር የከፈቱት ወሳኝ እርምጃዎች በአብዛኛው የተገኙት ጡንቻ ሲኮማተር የማይለወጠው ምን እንደሆነ ተለይቶ በተለካ ጊዜ ነው። የሚለወጠው ዓይን ይስባል፤ አንድ ሺህ ማብራሪያም ይፈቅዳል። ሳይለወጥ የቀረው ነገር ግን ከእነዚያ ማብራሪያዎች አብዛኛውን ባንድ ጊዜ ከመንገድ ያስወጣል። ይህን የምለው ተቃውሞ እንዳለው አውቄ ነው፤ ተቃውሞዎቹን በየቦታቸው አነሣቸዋለሁ።

የአሥራ ስምንተኛውና የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ብዙ ነው፤ ለዚህ ትረካ የሚያስፈልገው ግን ጥቂቱ ነው። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ በ1791 ባሳተመው ጥናት የእንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ እንደሚወራጭ ስላሳየ በነርቭ የሚወርደው ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ፍንጭ ተገኘ። እንግሊዛዊው ዊልያም ቦውማን በ1840 የጡንቻን ክር በማይክሮስኮፕ አጥንቶ ከዳር እስከ ዳር ጥቁርና ነጣ ያሉ መስመሮች እየተፈራረቁ እንደሚያቋርጡት በዝርዝር ጻፈ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ኩህነ በ1864 ከእንቁራሪት ጡንቻ ፕሮቲን አውጥቶ ማዮሲን ብሎ ሰየመው። በ1860ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ቪልሄልም ክራውዘ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ፣ ጡንቻው ሲያጥር ነጣ ያለው መስመር እንደሚጠብና የጥቁሩ መስመር ስፋት ግን እንዳለ እንደሚቆይ ጻፈ። የመልሱ ቁልፍ ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ ሌሎች ሌላ አየን አሉ፤ የሚቀጥለው ትውልድ ልብም ከማይክሮስኮፕ ወደ ኬሚስትሪ ሄደ፤ የክራውዘ ምልከታም ተረሳ።

ኬሚስትሪው የፈለገው የጡንቻን ነዳጅ ነበር። በ1907 ካምብሪጅ ውስጥ ፍሌቸርና ሆፕኪንስ የደከመ የእንቁራሪት ጡንቻ ላክቲክ አሲድ እንደሚያከማች፣ ኦክስጅን ሲያገኝም አሲዱ እንደሚቀንስ በጥንቃቄ አሳዩ። ኦቶ ማየርሆፍ አሲዱ በጡንቻ ውስጥ ከተከማቸ ስኳር እንደሚመጣ አረጋገጠ፤ አርቺባልድ ሂልም የሚወጣውን ሙቀት ለካ፤ ሁለቱም የ1922ን የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ከዚህ ተነሥቶ ጡንቻን የሚያኮማትረው ራሱ ላክቲክ አሲድ ነው የሚል እምነት ነገሠ። አሲዱ ፕሮቲኑን ይነካዋል፣ ፕሮቲኑም ይኮማተራል ተባለ። በ1930 ግን ኮፐንሃገን ውስጥ አይናር ሉንስጎር አዮዶአሴቲክ አሲድ በተባለ መርዝ ላክቲክ አሲድ እንዳይሠራ ካደረገ በኋላ ጡንቻውን ቢቀሰቅሰው ጡንቻው በርከት ላለ ጊዜ ተኮማተረ። የላክቲክ አሲዱ መጠን አልጨመረም፤ የቀነሰው ክሬቲን ፎስፌት የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ነበር። የሃያ ዓመት ትምህርት ባንድ ቤተ ሙከራ ውጤት ተናደ። ሂል በሽልማቱ ማግሥት በሥራው ላይ የተገነባው ንድፈ ሐሳብ ሲፈርስ አልተከራከረም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በጻፈው ጽሑፍ በጡንቻ ጥናት ውስጥ አብዮት ተነሥቷል ብሎ በይፋ ተቀበለ። ይህ ቅንነት ሊመሰገን ይገባል።

ሂል የለካው ሙቀት ግን በሌላ በኩል ፍሬ አፈራ። በ1923 አብሮት የሠራው አሜሪካዊው ዋላስ ፌን፣ ጡንቻ ሸክም አንሥቶ ሲያጥር እንዳለ ተይዞ ከሚጨነቅበት ጊዜ የበለጠ ኢነርጂ እንደሚያወጣ አሳየ። ጡንቻ ተወጥሮ እንደሚለቀቅ ላስቲክ ቢሆን ኖሮ የሚያወጣው ኢነርጂ አስቀድሞ የተወሰነ፣ ቢሠራም ባይሠራም እኩል ይሆን ነበር። እዚህ ላይ የኢነርጂውን መጠን የሚወስነው ሸክሙ ራሱ ሆኖ ተገኘ። በ1938 ደግሞ ሂል በእንቁራሪት ጭን ጡንቻ ላይ፣ የአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሺኛ የሚያህል የሙቀት ለውጥ በሚይዝ መሣሪያ፣ ጡንቻ የሚያወጣው ጉልበትና የሚያጥርበት ፍጥነት በአንድ ቀመር እንደሚታሰሩ አሳየ። ሸክሙ በከበደ ቁጥር ጡንቻው ቀስ ይላል፤ በቀለለ ቁጥር ይፈጥናል። ጨርሶ ሊያነሣው የማይችለውን ሸክም ሲይዝ ጉልበቱ ከፍተኛ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ዜሮ ነው። ባዶውን ሲያጥር ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው፤ ጉልበቱ ዜሮ ነው። ፓወር፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ የሚከናወነው ሥራ፣ የሁለቱ ብዜት ስለሆነ በሁለቱም ዳር ዜሮ ይሆናል፤ ከፍተኛው የሚገኘው ሸክሙ ጡንቻው መያዝ ከሚችለው አንድ ሦስተኛ ገደማ ሲሆን ነው። ብስክሌተኛ ዳገት ሲጀምር ማርሹን የሚያቀለው ጡንቻው ከዚህ ነጥብ ሩቅ እንዳይወጣ ነው። ሂል ይህን ኩርባ በሚገባ ለካው። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ግን በቀመሩ ውስጥ አልተጻፈም፤ መልሱ ሃያ ዓመት ያህል ጠበቀ።

በ1939 ሞስኮ ውስጥ ኤንገልሃርትና ሊዩቢሞቫ ማዮሲን ኤቲፒ የተባለውን የሴል ነዳጅ እንደሚሰብር አወጁ። ሎማን ኤቲፒን በጡንቻ ውስጥ ያገኘው ገና በ1929 ስለነበር ይህ ግኝት ነዳጁንና ሞተሩን አገናኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ፣ በሃንጋሪዋ ሴገድ ከተማ፣ አልበርት ሴንት-ዥዮርጂና ባልደረቦቹ ኢሎና ባንጋና ብሩኖ ስትራውብ ጉዳዩን አንድ እርምጃ ወሰዱት። የተፈጨ የጥንቸል ጡንቻ በጨው ውሃ ለጥቂት ጊዜ ተዘፍዝፎ ሲጠለል ቀጭን ፈሳሽ ሰጠ፤ ሌሊቱን ሲያድር ግን የወጣው ወፍራምና ዝልግልግ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ስትራውብ ለይቶ ያወጣው ሁለተኛ ፕሮቲን ነው፤ አክቲን ተባለ። ሁለቱን ፕሮቲኖች ቀላቅለው ክር አወጡ፤ ክሩ ላይ የተቀቀለ የጡንቻ ጭማቂ ሲጨምሩበት በማይክሮስኮፕ ሥር ዓይናቸው እያየ አጠረ። በጭማቂው ውስጥ ሙቀት የማያጠፋው ኤቲፒ ነበረ። ሕይወት ካለው ሴል ውጭ እንቅስቃሴ ሲፈጠር ማየት ሴንት-ዥዮርጂን እጅግ አስደስቶት እንደነበር በኋላ ጽፏል፤ ደስታው ይገባዋል። ዓይን የሚስብ ለውጥ እንዴት እንደሚያሳስትም እዚሁ ይታያል። የሚያጥር የፕሮቲን ክር ያየ ሁሉ ፕሮቲኑ ራሱ እየተጣጠፈ ያጥራል ብሎ ደመደመ። የሱፍ ፕሮቲን ሲሳብ ተፈታትቶ እንደሚረዝም በኤክስሬይ ታይቶ ስለነበር፣ በ1940ዎቹ ስለ ጡንቻ የሚጻፈው ከዚህ ሐሳብ ብዙም አይርቅም ነበር።

ከዚያ 1953 መጣ። ሂዩ ሃክስሊ በካምብሪጅ በኤክስሬይ ጡንቻን ሲያጠና በውስጡ ሁለት ዓይነት ክሮች በሥርዓት እንደተደረደሩ፣ ጡንቻው ሲሳብም በክሮቹ ርዝመት ላይ ያለው ሞለኪውላዊ አደራደር እንደማይናጋ አይቶ ነበር። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ከሄደ በኋላ ከለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ከመጣችው ጂን ሀንሰን ጋር ተገናኘ። እርሱ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ፣ እርሷ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ባለሙያ ነበሩ። ሀንሰን ከጥንቸል ጡንቻ የተነጠሉ ቀጫጭን ጭረቶችን ከማይክሮስኮፑ ሥር አድርጋ ማዮሲንን የሚያሟሟ የጨው ውሃ ስታሳልፍባቸው፣ ጥቁሩ መስመር ደብዝዞ ጠፋ፤ ከዳር የሚነሡት ቀጫጭን ክሮች ግን ቀሩ። ማዮሲን ያለው በጥቁሩ መስመር ውስጥ፣ በወፍራሞቹ ክሮች ነው ማለት ነው፤ ቀጫጭኖቹ ደግሞ አክቲን ናቸው። ቀጥለው ጭረቱ በኤቲፒ ሲያጥር ለኩት። ጥቁሩ መስመር አላጠረም። በዚያው ጊዜ ከሂዩ ጋር የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና የሌለው አንድሩ ሃክስሊ ከሮልፍ ኒደርገርከ ጋር በራሱ እጅ ባዘጋጀው ማይክሮስኮፕ ከእንቁራሪት የተነጠለ ሕያው የጡንቻ ክር ሲኮማተር እያየ ተመሳሳይ ነገር ለካ። ሁለቱ ቡድኖች ጽሑፋቸውን በአንድ ላይ ለማውጣት ተስማሙ፤ ግንቦት 22 ቀን 1954 ኔቸር በተባለው መጽሔት ተከታትለው ወጡ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የትኛውም ክር አያጥርም፤ ቀጫጭኖቹ በወፍራሞቹ መካከል እየተንሸራተቱ ወደ መሃል ይገባሉ።

የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። እድገቱን ያመጣው መሣሪያ ነው እንጂ ያልከው የጥያቄ አቅጣጫ አይደለም የሚል ሰው ትክክለኛ ነገር ይዟል፤ ሁለቱ ዓይነት ክሮች ተደራርበው መቀመጣቸውን ለማየት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን የ1954ቱ ዋና ማስረጃ፣ የጥቁሩ መስመር አለመለወጥ፣ በብርሃን ማይክሮስኮፕ የተለካ ነው፤ ክራውዘም ከሰማንያ ዓመት በፊት አይቶታል። ስዋመርዳም የፈለገው አንድ የመስታወት ቱቦ ነበር፤ ሉንስጎርም አንድ መርዝ። መሣሪያው በእጃቸው ሆኖ ሳለ ሌሎች የቀሩት በጡንቻው ውስጥ የተለወጠውን ብቻ ሲያሳድዱ ነው። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በነበራቸው ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ሳይቀር የመጣጠፍ ሐሳብ ከ1954 በኋላም ደጋፊ አላጣም።

ክሮቹ የሚንሸራተቱ ከሆነ የሚስባቸው ምንድን ነው? በ1957 ሂዩ ሃክስሊ ከወፍራሞቹ ክሮች ወደ ቀጫጭኖቹ የሚዘረጉ የማዮሲን ራሶችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳየ፤ አንድሩ ሃክስሊ በዚያው ዓመት ራሶቹ እንዴት ጉልበት እንደሚያወጡ በሒሳብ አስቀመጠ። በእያንዳንዱ ወፍራም ክር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ራሶች አሉ። ሥራቸው ብዙ ሰዎች ተሰልፈው ከጥልቅ ጉድጓድ ገመድ እንደሚስቡት ነው፦ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይለቃል፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ስለማይለቁ ገመዱ ወደ ኋላ አይመለስም። ገመዱ በዝግታ ሲመጣ ብዙ እጆች ይይዙታል፤ በፍጥነት ሲመጣ ግን ብዙ እጆች ሳይጨብጡት ያልፋል፣ የጨበጡትም ለመልቀቅ ሲዘገዩ ይጎትቱታል። የሂል ኩርባ ምክንያቱን ያገኘው በዚህ ነው። የአንድሩ ሃክስሊ ሒሳብ ከሃያ ዓመት በፊት ከተለካው የሂል ኩርባ ጋር ተገጣጠመ። ክሮቹ ከዳር እስከ ዳር የሚደጋገሙበት አንድ ክፍል ሳርኮሜር ይባላል፤ ርዝመቱ 2.2 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነ 10 ሳንቲሜትር በሚረዝም የጡንቻ ክር ውስጥ ከ45,000 በላይ ሳርኮሜሮች ተከታትለው ይቆማሉ። ተከታትለው የቆሙት ፍጥነት ይደምራሉ፤ ጎን ለጎን የቆሙት ጉልበት ይደምራሉ። ረጅም ጡንቻ ፈጣን፣ ወፍራም ጡንቻ ብርቱ የሚሆነው በዚህ ነው።

የማይለወጥ ነገር ዳግመኛ ዳኛ የሆነው በ1966 ነው። ጎርደን፣ አንድሩ ሃክስሊና ጁሊያን የአንድ የእንቁራሪት ክር ሳርኮሜሮችን በተለያየ ርዝመት ይዘው የሚያወጡትን ጉልበት ለኩ። ሳርኮሜሩ 3.65 ማይክሮሜትር ሲደርስ ሁለቱ ክሮች ፈጽሞ አይደራረቡም፤ ጉልበቱም ዜሮ ሆነ። ከዚያ ወደ ታች ክሮቹ እየተደራረቡ ሲሄዱ ጉልበቱ በቀጥታ መስመር ጨመረ። ከ2.25 እስከ 2.0 ማይክሮሜትር ድረስ ግን መደራረቡ ቢጨምርም ጉልበቱ ባለበት ቆመ። ምክንያቱም በወፍራሙ ክር መካከል ራስ የሌለው ባዶ ቦታ አለ፤ ቀጭኑ ክር በዚያ ላይ ቢያልፍ አዲስ የሚስበው አያገኝም። ያ ጠፍጣፋ ስፍራ ብቻውን የመጣጠፍን ሐሳብ ለመጣል ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የበለጠ ክብደት አለው፦ ያልተለወጠ ነገርም ያታልላል። ሂል በ1950 ለባዮኬሚስቶች ግልጽ ፈተና አቀረበ፤ ኤቲፒ የመኮማተር ነዳጅ ከሆነ ሕያው ጡንቻ አንድ ጊዜ ሲኮማተር መጠኑ ሲቀንስ አሳዩኝ አለ። ሞከሩ፤ የኤቲፒው መጠን አልቀነሰም። በእኔ መርሕ ብቻ የሚሄድ ሰው እዚህ ላይ ኤቲፒ ነዳጅ አይደለም ብሎ ይደመድም ነበር፤ ይሳሳትም ነበር። በ1962 አሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ሮበርት ዴቪስና ባልደረቦቹ ክሬቲን ፎስፌት ኤቲፒን መልሶ የሚሞላበትን መንገድ በኬሚካል ዘጉ፤ በዚህ ጊዜ ኤቲፒው ቀነሰ። መጠኑ ሳይለወጥ የቆየው እየጠፋ ወዲያው ስለሚተካ ነበር። ስለዚህ ክርክሬን ማጥበብ አለብኝ፦ አለመለወጥ ማስረጃ የሚሆነው የሚተካው ነገር እንደሌለ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። የውሃዋ ጠብታ፣ የጥቁሩ መስመርና የጉልበቱ ጠፍጣፋ ስፍራ ይህን መመዘኛ ያልፋሉ፤ ላክቲክ አሲዱም የሚሠራበት መንገድ ስለተዘጋ ያልፋል። የኤቲፒው የመጀመሪያ ልኬት አላለፈም።

በእነዚያው ዓመታት ቶኪዮ ውስጥ ሴትሱሮ ኤባሺ መኮማተርን የሚከፍተው ካልሲየም እንደሆነ፣ ካልሲየሙን የሚቀበለውም በቀጭኑ ክር ላይ ያለ ትሮፖኒን የተባለ ፕሮቲን መሆኑን አሳየ፤ መጀመሪያ ብዙዎች አላመኑትም ነበር። በ1971 ሊምና ቴይለር ከዚያ የሚገርም ነገር አገኙ፦ ኤቲፒ መጀመሪያ የሚሠራው የማዮሲንን ራስ ከአክቲን ማላቀቅ ነው። ነዳጁ ሲያልቅ ጡንቻው ላልቶ አይቀርም፤ ራሶቹ እንደጨበጡ ይደርቃሉ። ይህን እኛ አገር በበዓል ቀን ከብት የታረደበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ትኩሱ ሥጋ ቢላ ሲነካው ይርገበገባል፣ ሰዓታት ሲያልፉ ይደድራል። የሚርገበገበው ኤቲፒ ገና ስላላለቀ ነው፤ የሚደድረው ሲያልቅ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው በአብዛኛው ዝርዝሩን ማሟላት ነው። በ1993 ሬይመንትና ባልደረቦቹ ከዶሮ ጡንቻ የወጣውን የማዮሲን ራስ ቅርጽ በአተም ደረጃ አወጡ። በ1994 ስታንፎርድ ላይ ፋይነር፣ ሲመንስና ስፑዲች በሌዘር ብርሃን የተያዘ አንድ የአክቲን ክር አንድ የማዮሲን ራስ ሲስበው ለኩ፤ እርምጃው 11 ናኖሜትር ያህል፣ ጉልበቱ ከ3 እስከ 4 ፒኮኒውተን ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት በመስመር ስፋት የተገመተው አሁን በአንድ ሞለኪውል ተለካ።

ሆኖም ሥራው አልቋል የሚል ካለ ሦስተኛ ተቃውሞ ይጠብቀዋል፤ እኔም በዚህ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ቁልቁለት ሲወርዱ የጭን ጡንቻ እየተኮማተረ በግድ ይሳባል። እንዲህ የተሳበ ጡንቻ ከቆመ በኋላ እንኳ በዚያው ርዝመት ከሚጠበቅበት የበለጠ ጉልበት እንደሚያወጣ አቦትና ኦቤር በ1952፣ ማለትም የመንሸራተት ሐሳብ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው ጽፈዋል። የክሮች መደራረብ ብቻ ይህን አያስረዳም። ብዙዎች አሁን የሚጠረጥሩት ቲቲንን ነው፤ ከሳርኮሜሩ ዳር እስከ መሃሉ የሚዘረጋ፣ በሰው አካል ውስጥ ከሚታወቁት ፕሮቲኖች ሁሉ ትልቁ ነው። በካናዳ ካልጋሪ የዋልተር ሄርዞግ ቤተ ሙከራ ካልሲየም ሲገባ ቲቲን እንደሚጠነክር ያጠናል። ይህ የመንሸራተትን ሐሳብ አያፈርሰውም፤ ሁለት ክር ይበቃል ብሎ ያስብ የነበረውን ሥዕል ግን ሦስተኛ ክር እንዲጨምር ያስገድደዋል።

አንድሩ ሃክስሊ በ1963 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በነርቭ ጥናቱ ነው። ጂን ሀንሰን በ1973፣ ሂዩ ሃክስሊም በ2013 ያለዚህ ሽልማት አረፉ፤ በእኔ ፍርድ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ባዮሎጂ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ሁለቱን ክሮች በሰሌዳ ላይ ስትስሉ መጀመሪያ ጥቁሩን መስመር ከመኮማተር በፊትና በኋላ እኩል አድርጋችሁ ሳሉት፤ ከሥሩም የጂን ሀንሰንን ስም ጻፉ።